ከስም ሥር ያለች አንዲት መስመር

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሦስተኛው የሰማይ ሬዲዮ ምንጮች ዝርዝር ውስጥ 273 ቁጥር የተሰጠው አካል ብርቱ ሞገድ ይልካል። ከየትኛው ኮከብ ወይም ጋላክሲ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም ነበር። የዚያን ዘመን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሰፈሩን እንጂ ቤቱን አያሳይማ!

መላውን የዘየዱት የሲድኒ ዩኒቨርሲቲው ሲሪል ሃዛርድ ናቸው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጨረቃ በየሰዓቱ የት እንዳለች በትክክል ይታወቃል። እንግዲህ ምንጩን ስትጋርደው ሞገዱ የተቋረጠበትን፣ ስትለቀው ደግሞ የተመለሰበትን ቅጽበት መዝግቦ ቦታውን ማስላት ይቻላል።

ቀኑ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። በአውስትራሊያ ፓርክስ የሚገኘው ባለ 64 ሜትሩ ቴሌስኮፕ ተዘጋጀ። ጨረቃ ምንጩን የምትለቀው ወደ አድማስ ዝቅ ብላ ስለሆነ ሳህኑን ከተፈቀደለት ወሰን በታች ማዘንበል ግድ ሆነ። ታዲያ የሐሳቡ ባለቤት በዕለቱ ባቡር ተሳስተው ሳይደርሱ ቀሩ! ልኬታውን የጣቢያው ባልደረቦች ወሰዱ።

የተገኘው ቦታ ካሊፎርኒያ ለሚገኙት ማርተን ሽሚት ተላከ። እሳቸውም በፓሎማር ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ ሲያዩት በቦታው ያለው ኮከብ የሚመስል ነገር ነው። የብርሃኑ መስመሮች ግን ከማንም ኮከብ ጋር አልገጥም አሉ። በ1963 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር መጀመሪያ ላይ ምስጢሩ ተገለጠላቸው፤ መስመሮቹ የሃይድሮጅን ሲሆኑ 16 በመቶ ያህል ወደ ቀይ ተገፍተዋል። ነገሩ ከ2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቆ ሳለ ከአንድ ሙሉ ጋላክሲ እጅግ አብልጦ ያበራል። በማግስቱ ዓመት “ኳሳር” የሚለው ስም ወጣለት።

ጽሑፎቹ መጋቢት 7 ቀን 1955 ዓ.ም. “ኔቸር” መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ታተሙ። ሃዛርድ ግን የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ሰው ሆነው ሳለ ከስማቸው ጋር የወጣው ቴሌስኮፑን የሚያስተዳድረው የመንግሥት ምርምር ድርጅት ስም ነበር። ስህተቱ ቀድሞም በማይስማሙት በሁለቱ ተቋማት መካከል የነበረውን ቅሬታ አባባሰው። ሽሚት በ2008 እ.ኤ.አ. የካቭሊን ሽልማት ተጋሩ፤ የሃዛርድን ስም ግን ከሙያው ውጭ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

የምርምር ጽሑፍ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ስሌቱን እንደምትፈትሹት ሁሉ ከስማችሁ ሥር ያለችውንም መስመር ደግማችሁ አንብቧት። ያሳደገን ቤት ስም የሚጻፈው እዚያች መስመር ላይ ነው።