ሂሊየም ሁለት ጋዝ መስሎ የታየበት ዘመን

ሂሊየም በምድር ላይ ከመገኘቱ አስቀድሞ በፀሐይ የታወቀ ንጥረ ነገር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኦገስት 18 ቀን 1868 ጨረቃ ፀሐይን በጋረደች ጊዜ፣ ከኤደን ወደብ እስከ ህንድ አገር ድረስ ብዙ ሊቃውንት መሣሪያቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ነበር። ከእነርሱም አንዱ በጉንቱር የነበረው ፈረንሳዊው ዣንሰን ነው። ይሁን እንጂ በፀሐይ ዙሪያ የታየው ቢጫ መስመር ከሶዲየም መስመሮች የተለየ መሆኑን በዚያው ዓመት በኦክቶበር የለየው እንግሊዛዊው ሎክየር ስለሆነ፣ ምስጋናውን ሁሉ ለዣንሰን መስጠት አይገባም። ስሙም ፀሐይን ከሚያመለክተው ከግሪኩ ቃል ተወሰደ። ራምሴ በ1895 ለንደን ላይ ዩራኒየም ካለበት ማዕድን ጋዙን አወጣው።

በዚያው ዓመት ጀርመናውያኑ ሩንገና ፓሸን የጋዙን የብርሃን መስመሮች እየለኩ ቢደረድሩ በሁለት ቤተሰብ ተከፍለው አገኟቸው። ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው የሚያሻግር መስመር ግን አጡ። ስለዚህ ይህ የሁለት ጋዞች ድብልቅ ነው አሉ፤ አንደኛው ሂሊየም፣ ሌላው ፓርሂሊየም ተባለ። ፍርዱ ስሕተት ቢሆንም ልኬቱ እውነተኛ ነበር፤ መልሱም ሠላሳ ዓመት ያህል ቈየ።

በ1926 ሃይዘንበርግ ምሥጢሩን ገለጠው። የሂሊየም አቶም ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ እያንዳንዱም፣ በምሳሌ ለመናገር፣ እንደ እንዝርት የሚሾር ጠባይ አለው። የሁለቱ ሽክርክሪት ተቃራኒ ሲሆን ፓራ፣ አንድ ወገን ሲሆን ኦርቶ ይባላል። ብርሃን ሲወጣ ይህ አቅጣጫ የሚገለበጠው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እንደ ባዕድ ሆነው ይኖራሉ።

የዕድሜያቸው ልዩነት ያስደንቃል። ኃይል የተቀበለ አቶም ብዙውን ጊዜ ወዲያው ብርሃን ሰጥቶ ይወርዳል፤ ከፓራ ደረጃዎች አንዱ የሰከንድን ቢሊዮንኛ ክፍል እንኳ አይሞላም። ከመሠረቱ 20.62 ኤሌክትሮን ቮልት ከፍ ያለው ሌላው የፓራ ደረጃ ግን የሰከንድ ሃምሳኛ ያህል ይቈያል። በ19.82 ኤሌክትሮን ቮልት ያለው ዝቅተኛው የኦርቶ ደረጃማ፣ በ2009 አውስትራሊያ ውስጥ እንደ ተለካው፣ አቶሙ ከሌላ ነገር ጋር ካልተጋጨ 7,870 ሰከንድ ያህል፣ ይኸውም ከሁለት ሰዓት በላይ ይኖራል።

ሎክየር የለየው ቢጫ መስመርም ከኦርቶ ቤተሰብ ነው። ያን ብርሃን የሰጠ አቶም ዓይን የማያየውን ሌላ ቀይ ዘለል ጨረር ይለቅና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ዕድሜው ረጅም ከሆነው ደረጃ ላይ ያርፋል።