በመተማ ሰማይ ላይ

የገለጉ ሰዎች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። መተማ ሲባል ሁሉም አፄ ዮሐንስን ያነሣል፤ ይነሡ፣ ይገባቸዋል። እኔ የማወጋችሁ ግን ከእሳቸው ሞት 51 ዓመት በኋላ በዚያው አገር ሰማይ ላይ ስለተደረገው ነው።

ጣሊያን በሰኔ 1932 ከመተማ ድንበሩን ተሻግሮ የሱዳኗን ገላባት ያዘ። ሊያስለቅቅ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ብርጋዴር ስሊም ነበር፤ ኋላ በበርማ ስሙ የገነነው። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ጎሕ ሲቀድ ቦምቡ ወረደ፣ መድፉ አጓራ፣ ታንኩ ገሠገሠ፤ ገላባት በማለዳ ተያዘ። መተማ ቀረ።

እግረኛውን ከላይ የሚጠብቁት ግላዲያተር የሚባሉ ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች ነበሩ። የጣሊያኑ ፊያትም ድርብ ክንፍ ነው፤ በአውሮፕላን እምብዛም አይበላለጡም። የተበላለጡት በአመጣጥ ነው። ግላዲያተሮቹ ሰማዩ ባዶ እንዳይሆን ተብለው አንድም ሁለትም እየሆኑ ወጡ፤ ፊያቶቹ ተሰብስበው መጡ።

ሻለቃ ቫን ስካልክዊክ የደቡብ አፍሪካ 1ኛ ስኳድሮን አዛዥ ነበር። አዛዥ ነኝ ብሎ መሬት ላይ አልቀረም፤ ወጣ። ከበቡት። አውሮፕላኑ ሲነድ በጃንጥላ ዘለለ፣ ቃጠሎው ግን ገደለው። ሻምበል ቦይል ሊያግዘው ቢደርስ እሱንም መቱት፤ ቆስሎ ተረፈ። በዚያች ቀን 5 ግላዲያተሮች ወደቁ።

ከዚያማ ሰማዩ የጣሊያን ሆነ። ቦምቡ ገላባት ላይ ዘነበ፣ ጥይት የጫነ መኪና ፈነዳ፣ ወታደሩ ተደናግጦ ሸሸ። ታንኮቹም አብዛኞቹ ተሰባብረው ቆመው ነበር። ስሊም ለቆ ወጣ፤ መተማ እስከ ጥር በጣሊያን እጅ ቆየች። ጀግና ጠፍቶ አይደለም! ጥቂቱን አውሮፕላን በታትነው የላኩት አዛዦች ናቸው ያን ቀን ያስበሉት።

ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ጥቅምት 14 ቀን 1934፣ ማላቮልቲ የሚባል ጣሊያናዊ ከጎንደር በፊያት ተነሣ። ጣሊያን ያኔ በዚህ አገር የቀረው አውሮፕላን በጣት የሚቆጠር ነው። ሆፕ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ በግላዲያተር አግኝቶ ጣለው። በማግስቱ ለሟቹ ጀግንነት ክብር የሚሰጥ ደብዳቤ ከሰማይ በጣሊያን ምሽግ ላይ ተወረወረ። ወራሪን ያገለገለ ነው፤ ጀግንነቱን ግን ጠላቱ መሰከረለት። ጎንደርም ኅዳር 18 ነጻ ወጣች።

የአብራሪዎቹ ስም በአገራቸው መዝገብ ሠፍሯል። ከታች ሆኖ ያን ሰማይ ያየው የመተማና የቋራ ሰው የተናገረው ግን በአፍ ብቻ ነው ያለው። ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ጻፉት።