ቆሞ የሚያገለግልና እየሄደ የሚያገለግል
(ስለ መኪና ውስጥ አቀማመጥ ታሪክ የተሰጠ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው አራት ጎማ ስላለው የቆርቆሮ ሣጥን ነው። በአንዳንድ አገር ሰው ይተኛበታል፣ ያበስልበታል። በእኛ አገር ደግሞ ሰው ተሳፍሮበት ገበያ ይሄዳል። ሣጥኑ ተመሳሳይ ነው፤ ውስጡ ግን ይለያያል። ለምን ተለያየ? ልዩነቱስ እኔንና እናንተን ምን አገባን? ከሥሩ እንጀምር።

ድንኳንና ጭነት

የሚሄድ ቤት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1636 ከመቆርቆሯ በፊት፣ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን በድንኳን እየተዘዋወሩ ይገዙ ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ጥንት የጦር ሠፈር ማለት ነበር። ድንኳኑም እንደተገኘ አይተከልም። የንጉሡ ድንኳን መሐል ላይ ነው። የፊተኛው ጦር አለቃ ፊታውራሪ ነው። የቀኙ ቀኛዝማች፣ የግራው ግራዝማች ነው። ደጃዝማች ማለት ደግሞ የደጁ አዝማች ማለት ነው። እንግዲህ አስተውሉ። እነዚህ የሹመት ስሞች መጀመሪያ የቦታ ስሞች ነበሩ። ሠፈሩ ዛሬ ተነቅሎ ነገ ሌላ ቦታ ሲተከል፣ ሰው ሁሉ የት እንደሚያርፍ ያውቃል።

ወደ ዳንግላ እንምጣ። ሜጀር ሮበርት ቺዝማን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 የአገሩ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ ተቀመጠ። የጣናን ዙሪያና የዓባይን ሸለቆ ያጠናው በበቅሎና በድንኳን እየተጓዘ ነው። በቅሎ ሲጫን ግራና ቀኙ መመዛዘን አለበት። ካልተመዛዘነ ጭነቱ ያዘነብላል፤ የበቅሎዋም ጀርባ ይቆስላል። ይህን የአዊ ገበሬ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። መኪናም እንደዚሁ ነው።

አልጋ ያለው መኪና

የጀርመኑ ቮልስዋገን ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950፣ በእኛ በ1942 ዓ.ም.፣ አንድ ትንሽ መኪና ማምረት ጀመረ። እኛ ኮምቢ የምንለው ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው፤ ሾፌሩ ከፊት ይቀመጣል፤ መሐሉ ባዶ ነው። በዓመቱ ዌስትፋሊያ የሚባል የጀርመን ኩባንያ ለዚህ ባዶ ቦታ የሚሆን የቤት ዕቃ ሠራ። አግዳሚው ወንበር ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል። ከሞተሩ በላይ ያለው ወለል ከፍ ያለ ስለሆነ፣ የአልጋው አንድ ጫፍ እዚያ ላይ ያርፋል። ቁም ሣጥኑና ታጣፊው ጠረጴዛ ግድግዳውን ይዘው ይቆማሉ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ዶርሞቢል የሚባል ነበር። ይህ ቤድፎርድ በሚባል መኪና ላይ ይሠራ ነበር። የቤድፎርዱ ሞተር ከፊት ስለሆነ የኋላው ወለል ደልዳላ ነው። ወንበሮቹ ራሳቸው ተዘርግተው አልጋ ይሆናሉ። ጣሪያው በአንድ ጎኑ ተይዞ፣ በሌላ ጎኑ እንደ ሣጥን ክዳን ወደ ላይ ይከፈታል። ያን ጊዜ ሰው ቀጥ ብሎ መቆም ይችላል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? እንደ ሞተሩ ቦታ ነው። ኮምቢው ከፊት ሰፊ ነው፤ ከኋላ ግን ሞተሩ ቦታ ይወስድበታል። ቤድፎርዱ ከኋላ ይመቻል፤ ከፊት ግን ሞተሩ ሾፌሩን ያጣብበዋል። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ። አልጋው የሚዘረጋው፣ ጣሪያው የሚከፈተው መኪናው ሲቆም ነው። የእነዚህ መኪናዎች ጥሩነትና መጥፎነት የሚታየው ቆመው ነው ማለት ነው።

ውይይት

በእኛ ከተሞች የጠፋው አልጋ አልነበረም፤ መሳፈሪያ ነበር። ስለዚህ መኪናው በሌላ መንገድ ተለወጠ። አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ የሚጭኑ ትንንሽ ፒካፖች ከኋላቸው ጣሪያ ተበጀላቸው። በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር ተገጠመላቸው። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያያል፤ ጉልበት ከጉልበት ይገጥማል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የውይይት መድረክ በየቦታው በዝቶ ነበር። ሕዝቡም ታክሲውን «ውይይት» አለው።

ይህ አቀማመጥ ጥቅም ነበረው። ከኋላ መግባትና መውረድ ይቀላል። ዘንቢልና ማዳበሪያ መሐል ወለሉ ላይ ይቀመጣል። ሰላምታና ወሬም አይጠፋም። ጉዳቱ የሚታየው ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው። ተሳፋሪው በጎኑ የተቀመጠ ስለሆነ የሚደግፈው የለም። አንዱ በሌላው ላይ ይደረመሳል። መሐል ያለው ጭነትም ወደ ፊት ይወረወራል።

ሚኒባስ

ቶዮታ ሃይስ በጃፓን አገር የወጣው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ነው። ሞተሩ ከፊተኛው ወንበር ሥር ስለሆነ የኋላው ቦታ ሰፊ ነው። ከጊዜ በኋላ አገራችን ከገቡት ብዙዎቹ ውጭ አገር ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ አሮጌ መኪናዎች ናቸው። ጎናቸው ድፍን ቆርቆሮ ነበር። እዚህ መስኮት ተቆረጠላቸው፤ ወንበር ተገጠመላቸው። ሕዝቡም «አባዱላ»፣ «ዶልፊን» እያለ ስም አወጣላቸው።

በሚኒባስ ተሳፋሪው ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ይቀመጣል። ከኋላው መደገፊያ አለው። ይህ ከውይይቱ ይሻላል። ነገር ግን ዕቃ ለመጫን የተሠራ ወለል ወንበር እንዲይዝ ተብሎ አልተሠራም። ቀጭን ቆርቆሮ ላይ ብቻ የተያዘ ወንበር በግጭት ጊዜ ከነተሳፋሪው ይነቀላል። ከሥር ወፍራም ብረት ተደርጎ በብሎን የተጠበቀ ግን ይጸናል። በመተላለፊያው ላይ ዱካ ተደርጎ ትርፍ ሰው ሲጫንስ? መውጫው ይዘጋል። ጣሪያው ላይ እህል ሲከመር ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ መኪናውም መታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። የበቅሎዋን ጭነት አስታውሱ!

ስትሳፈሩ ምን ታያላችሁ?

እንግዲህ የዛሬው ቁም ነገር ይህ ነው። አልጋ ያለው መኪና የሚመዘነው ቆሞ ነው። ሰው የሚጭን መኪና የሚመዘነው እየሄደ ነው፤ ይልቁንም ፍሬን ሲይዝ ነው። ቆሞ ሲያዩት ሰፊና ምቹ የሚመስል ወንበር፣ ሲሄድ ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ቻግኒ ስትሳፈሩ እነዚህን ተመልከቱ።

መጀመሪያ፣ ወንበሩን በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከተነቃነቀ አልጠበቀም።

ሁለተኛ፣ መኪናው ላይ የሰው ልክ ተጽፎ ካገኛችሁ አንብቡት። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ከዚያም የተሳፈረውን ሰው ቁጠሩ።

ሦስተኛ፣ ከበሩ እስከ ወንበራችሁ ያለው መተላለፊያ በጆንያ አለመዘጋቱን እዩ።

ጉድለት ካያችሁ ለረዳቱ ንገሩት። «ወንድሜ፣ ይህ ወንበር ይነቃነቃል» ማለት ነውር አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር ላይሰማ ይችላል። ተሳፋሪው አብሮ ሲናገር ግን ይሰማል። ውይይት ማለትም ይኸው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. የኮምቢው አልጋ አንድ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያረፈው ለምንድን ነው?
2. ፊት ለፊት መቀመጥ ጥቅሙና ጉዳቱ ምንድን ነው?
3. በመጨረሻ የተሳፈራችሁበት መኪና ወንበሩ እንዴት ነበር? ለጎረቤታችሁ አስረዱ።

በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።