ኃይለማርያምን ማን መረጣቸው? የአንድ እንደራሴ የምርጫ ታሪክ

 የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ስለ ሕገ መንግሥቱ ባስተማርኩ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ማውጣቱ አይቀርም። «ቲቸር፣ ኃይለማርያምን የመረጥናቸው እኛ ነን?» ይላል። ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «የእኛ ልጅ ናቸው፣ አዎ እኛ ነን» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኧረ ፓርቲው ነው ያስቀመጣቸው» ይላል። ሁለቱም ወገን የእውነት ቁራጭ ይዟል። ሙሉውን ለማግኘት ሰውየው የወጡበትን መሰላል ከታች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል።

አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ የተወለዱት ሐምሌ 12 ቀን 1957 ዓ.ም. እዚሁ እኛ ዞን፣ ቦሎሶ ሶሬ ነው። በ1980 ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመረቁ። ከዚያ አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመምህርነት ገቡ። ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ሄደው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱና የኢንስቲትዩቱ ዲን ሆነው ብዙ ዓመት አገለገሉ። ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ሰውየው የሚታወቁት በመምህርነት ነው፤ በፖለቲካ አይደለም።

ወደ ፖለቲካው ከፍታ ያደረሳቸውን ዘመን የወላይታ ሰው አይረሳውም። በ1991 ዓ.ም. ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ቋንቋቸው ተቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚባል የመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ተቃወመች። ተማሪውም መምህሩም አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በኋላ መጽሐፉ ቀረ። ሰሜን ኦሞ ዞንም ፈረሰና ወላይታ በ1993 ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በዚያው ዓመት ሕወሓት ለሁለት ተከፈለ፤ የክፍፍሉ ነፋስ ደቡብንም መታ። የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት አቶ አባተ ኪሾ ከሥልጣን ወረዱ። በ1994 ቦታውን የያዙት አቶ ኃይለማርያም ናቸው። እስከ 1998 ድረስ ደቡብን መሩ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ደረጃ ይኼ ነው። ርዕሰ መስተዳድርን የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን ደግሞ ሕዝቡ ይመርጠዋል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ግን ማን እንደሚወርድና ማን እንደሚወጣ ፓርቲው አስቀድሞ ይጨርሰዋል፤ ምክር ቤቱ እጅ ያወጣል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ እስከ መጨረሻው ይከተለናል።

ከ1998 በኋላ አዲስ አበባ ሄዱ። መጀመሪያ የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ አማካሪ፣ ቀጥሎ በሚኒስትር ማዕረግ የመንግሥት ዋና ተጠሪ ሆኑ። ይኼ «ተጠሪ» የሚባለው ሥራ ምንድን ነው? በምክር ቤቱ ውስጥ መንግሥትንና የገዥውን ፓርቲ እንደራሴዎች የሚያገናኝ ሰው ነው። ረቂቅ አዋጅ ሲመጣ የፓርቲው አባላት አንድ ላይ እንዲቆሙ ያስተባብራል። ስለዚህ አቶ ኃይለማርያም ምክር ቤቱ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ምክር ቤቱስ ምን ይመስል ነበር? እስቲ ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። መቀመጫው 547 ነው።

በግንቦት 7 ቀን 1997 ምርጫ ኢሕአዴግ 327 አገኘ። ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52 ወሰዱ። የአዲስ አበባን 23 መቀመጫ ቅንጅት ጠራርጎ ያዘው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ደምና እስር ሁላችንም እናውቃለን።

በግንቦት 15 ቀን 2002 ምርጫ ኢሕአዴግ ብቻውን 499፣ አጋሮቹ 46 አገኙ። ለሌላው የቀረው ሁለት መቀመጫ ነው፦ አንድ የመድረክ፣ አንድ የግል ተወዳዳሪ።

በግንቦት 16 ቀን 2007 ምርጫ ደግሞ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ሁሉንም ወሰዱ። ከእነሱ ውጭ አንድም ሰው አልገባም።

በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ ሰባ በላይ የነበረው የሌላ ወገን መቀመጫ ወደ ሁለት፣ ከዚያ ወደ ዜሮ ወረደ። የአቶ ኃይለማርያም የምርጫ ታሪክ የተጻፈው በዚህ ሰንጠረዥ ውስጥ ነው።

ከ2002 ምርጫ በኋላ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ነሐሴ 15 ቀን 2004 የመለስ ሞት ሲነገር ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 75 ላይ ምክትሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ተክቶ ይሠራል ይላልና በተጠባባቂነት ያዙ። ከወር በኋላ፣ መስከረም 11 ቀን 2005፣ ጊፋታ በተቃረበበት ሰሞን፣ በምክር ቤቱ ፊት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ያን ቀን ሶዶ ውስጥ የነበረ ሰው ደስታውን ያስታውሰዋል። ከደቡብ ሕዝቦች የወጣ ሰው አገሪቱን ሲመራ በዘመናችን የመጀመሪያው ነበር። ካዎ ጦና ከተማረኩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት፣ ከወላይታ የተወለደ ሰው በሚኒሊክ ቤተ መንግሥት ወንበር ተቀመጠ። ይህን ደስታ ማንም ሊያናንቀው አይገባም።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ፤ ማን መረጣቸው? አንቀጽ 73 ጠቅላይ ሚኒስትር ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ይመረጣል ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ በአንድ የምርጫ ክልል ያሉ መራጮች እንደራሴ ያደርጉታል። ቀጥሎ እንደራሴዎቹ ይመርጡታል። አንድ የአምቦ ወይም የጎንደር ገበሬ «ኃይለማርያም» የሚል ስም በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አላየም፤ ሊያይም አይችልም። ይኼ የእኛ ብቻ ነገር አይደለም፤ እንግሊዝም ሕንድም እንዲሁ ነው የሚሠሩት። የእኛን የሚለየው በመሐል ያለው ደረጃ ነው። የኢሕአዴግ ምክር ቤት 180 አባላት ነበሩት፤ ከአራቱ ድርጅቶች 45፣ 45። ሊቀመንበሩን እነዚህ 180 ሰዎች መረጡ፣ 547ቱ አጸደቁ። ሶማሌ፣ አፋር፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል፣ ሐረሪ ደግሞ «አጋር» ስለሚባሉ ከ180ው ውስጥ ድምፅ አልነበራቸውም።

ስለዚህ ያ የክፍሌ ክርክር እንዲህ ይፈታል፦ በሕጉ የአንድ ወረዳ ሕዝብና ምክር ቤቱ መረጧቸው፤ ወሳኙን ድምፅ የሰጡት ግን 180 ሰዎች ናቸው።

በ2007 ምርጫ ኢሕአዴግ በእሳቸው መሪነት ተወዳደረና ያንን መቶ በመቶ አመጣ። መስከረም 24 ቀን 2008 ምክር ቤቱ እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጎ መረጣቸው። እንደ ምርጫ ውጤት ብናየው በኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ድል ያገኘ የፓርቲ መሪ የለም። ሁለት ወር ሳይሞላ ኅዳር 2008 ላይ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ ተነሳ። ከዚያ አማራ ክልል ተከተለ። መስከረም 22 ቀን 2009 ቢሾፍቱ ላይ የኢሬቻ ቀን ብዙ ሰው አለቀ። በሳምንቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ተራዝሞ አሥር ወር ቆየ።

እንዴት ነው ታዲያ መቶ በመቶ የመረጠ ሕዝብ በስድስት ወሩ አደባባይ የሚወጣው?

አንዱ ምክንያት የምርጫ ሥርዓታችን ነው። እስቲ እንደ ክፍል ውስጥ እንቁጠር። መቶ መራጭ አለ እንበል። አንዱ ተወዳዳሪ 40፣ ሁለተኛው 35፣ ሦስተኛው 25 አገኙ። ባለ 40ው ብቻ ይገባል፤ 60 ሰው ሌላ መርጦ ወኪል ሳያገኝ ይቀራል። ይህ በየምርጫ ክልሉ ሲደጋገም ሚሊዮኖች ድምፃቸው የትም አይደርስም። ይህን መንግሥትም ያውቀዋል። ኢሬቻ ባለፈ በሳምንቱ፣ መስከረም 30 ቀን 2009፣ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ምክር ቤቱን ሲከፍቱ የተለያየ ድምፅ እንዲወከል የምርጫ ሕጉ ይሻሻላል ብለው ነበር። ሁለተኛው ምክንያት ከሒሳብ ያለፈ ነው። ከ1997 በኋላ የፖለቲካ ሜዳው ጠበበ። የ2001ዱ የሲቪክ ማኅበራትና የፀረ ሽብር አዋጆች መጡ፤ ተቃዋሚዎች አባላቶቻችን ታሰሩ፣ ተዋከቡ እያሉ ይጮሁ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? ምክር ቤቱ ውስጥ «ይኼ ማስተር ፕላን ገበሬውን ያፈናቅላል» ብሎ በሕዝብ ስም ተነስቶ የሚሟገት የተቃዋሚ ወንበር አልነበረም። ውስጥ ያልተነገረው ውጭ ተጮኸ። ውስጥ ክርክር ቢሆን ኖሮ በቃለ ጉባኤ ይቀር የነበረው ነገር ውጭ በሰው ሕይወት ተከፈለ። እኔ ከዚህ ታሪክ የማወጣው ትልቁ ነጥብ ይህ ነው፦ ሙሉ ወንበር ማለት ሙሉ ውክልና ማለት አይደለም። እንዲያውም መሪውን ራሱን ያጋልጠዋል፤ ሕዝቡ ምን እንደሚል የሚነግረው ሰው አጠገቡ አይኖርምና።

የካቲት 8 ቀን 2010 አቶ ኃይለማርያም የመፍትሔው አካል ለመሆን ነው በማለት ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። አንድም ምርጫ ሳይሸነፉ ማለት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2010 በምክር ቤቱ ፊት ለዶ/ር ዐቢይ አሕመድ አስረከቡ።

ብዙ ሰው «በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ የመጀመሪያው መሪ» ይላል። በጥንቃቄ እንየው። ጸሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድም በየካቲት 1966 ሕዝቡ ሲነሳ ከነካቢኔያቸው ለቀዋል። የሚገርመው፣ ወሩም የካቲት፣ ምክንያቱም የሕዝብ ቁጣ። ልዩነቱ ሁለት ነው። አክሊሉን የሾማቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የዚያን ዘመን ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትር የመምረጥ ሥልጣን አልነበረውም። ሁለተኛውና የሚያሳዝነው፣ አክሊሉ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከዚያ ወዲህ መንግሥቱ ኃይለማርያም ሸሹ፣ መለስ በሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። አቶ ኃይለማርያም ግን አስረክበው፣ ተጨብጭቦላቸው፣ በሰላም ቤታቸው ገቡ። ዛሬም ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ሮማን ተስፋዬ ጋር በመሠረቱት ፋውንዴሽን ይሠራሉ። በስማቸው ላይ ምንም ያህል ቅሬታ ያለው ሰው ቢኖር፣ በእሳቸው ዘመን የሞቱት ሰዎች ጥያቄም ገና ቢኖር፣ ይህችን አንድ ነገር ልጆቻችን ሊማሩባት ይገባል። ከሥልጣን ወርዶም መኖር ይቻላል።

ለእኛ ለወላይታ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ትምህርት አለው። «የእኛ ሰው» ላይ መውጣቱ ኩራት ነው፤ የእኛ ድምፅ መቆጠሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሳቸው ከለቀቁ በኋላ የክልልነት ጥያቄ መጣ፣ ሕዝበ ውሳኔ መጣ። ጥር 29 ቀን 2015 ድምፅ ሰጠን፤ ምርጫ ቦርድ በተፈጸመ የሕግ ጥሰት የእኛን ዞን ውጤት ሰረዘውና ሰኔ 12 ቀን 2015 እንደገና ተሰለፍን። በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ፀሐይ ላይ የቆመ ሕዝብ የድምፅን ዋጋ ከማንም በላይ ማወቅ አለበት።

በሚቀጥለው ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ካርድ የምታወጡ ተማሪዎቼ፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ስም አይሆንም፤ የወረዳችሁ እንደራሴ ስም ነው። ያንን ሰው እወቁት፤ የትኛውም ፓርቲ ይሁን። ምን አዋጅ ላይ እጁን እንዳወጣ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ መጥቶ እንዳነጋገራችሁ ጠይቁት። አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ሲያጣ እንደራሴውን ከምክር ቤቱ ሊያስወግደው እንደሚችል ይናገራል፤ ስንቶቻችን እናውቃለን? መሰላሉ የሚቆመው ከታች ነው፤ የታችኛው እርከን ከላላ ላይኛው ላይ የተቀመጠው ሰው የማንም ልጅ ቢሆን ይወድቃል።

ሐሳባችሁን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ስድብ ግን አይፈቀድም። ቸር ያሰንብተን!