በራስ ላይ የታሰረ ቄጤማ

በአገራችን በራስ ላይ የሚደረግ ነገር ምስክር ሆኖ መኖሩ የታወቀ ነው። ጥምጥም የካህን፥ ጎፈር የጀግና ምልክት ነበረ። በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ ክተት በታወጀ ጊዜ የሸዋ ሠራዊት በጥቅምት ወር እንዲከት የታዘዘው በደቡብ ወሎ በወረ ኢሉ ስለ ነበረ፥ የጎፈር ትርጉም ለዚያ ደጋ ሕዝብ እንግዳ አልነበረም።

ከወረ ኢሉ በስተ ምዕራብ፥ በቦረና ደጋ በመካነ ሰላም፥ እንደ ሌላውም የአገራችን ክፍል፥ ተራው ምእመን በዓመት አንድ ቀን የራሱን ምልክት ያስራል። በቅዳሜ ሹር ካህናት ቃጭል እያሰሙ ቄጤማ ያድላሉ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያስረዋል። ይኸውም ርግብ ለምለም ቅጠል ይዛ ለኖኅ የውኃውን መጉደል እንዳበሠረች ሁሉ፥ የሰላም ብሥራት ነው።

ከ55 ቀን ጾም በኋላ ግን ጠላውና አረቄው ይበረታል። በፋሲካ ምሽት ቄጤማውን መፍታት የረሳ ሰው፥ የጠወለገው ሣር ከግንባሩ ወደ ጆሮው ወርዶ፥ እንደ ጎፈር ቈጥሮት ያልዋለበትን ጦርነት ሲፎክር አይተን የሳቅን ጥቂቶች አይደለንም።

ይህ ሳቅ ጥንታዊ ነው። ፈላስፋው አፍላጦን እንደ ጻፈው፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ዓመት በአቴና ባለቅኔው አጋቶን ስለ ድሉ ግብዣ ባደረገ ጊዜ፥ አልቂብያዴስ የተባለው መኰንን ሰክሮ፥ የሐረግ ቅጠልና አበባ ጐንጕኖ፥ ብዙ ጥብጣብም በራሱ ላይ አንጠልጥሎ በሰው ተደግፎ ገባ። በስካሩ ይስቁበት እንደ ሆነም ራሱ ጠየቃቸው።

እኛም ይህ ጥያቄ ይመለከተናል። የቄጤማው ብሥራት የተነገረው ኖኅ ራሱ ወይን ተክሎ፥ ጠጥቶ ሰክሮ ዕርቃኑን ተኝቷልና። ካም አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ፊታቸውን መልሰው አባታቸውን አለበሱት። ምርቃቱም የደረሰው ለሸፈኑት ነው።

እኛ ስንስቅ በቆምንበት በዚያ ምሽት፥ መጠጥ የማይቀምስ ሙስሊም ጎረቤቱ መጣና ቄጤማውን በቀስታ ፈታለት፤ ጋቢውንም አልብሶ፥ ክንዱን ደግፎ ከቤቱ አደረሰው። ሳቃችን ያን ጊዜ ቆመ። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው፤ የቄጤማውን ትርጉም በዚያች ሌሊት የጠበቀው፥ ቄጤማ ያላሰረው ሰው ነበረ።