ከአጋሰስ ወደ ካሚዮን

የጦርነት ወጋችን ጎራዴ የመዘዘውን፣ አልሞ የተኮሰውን ሲያወድስ ይውላል። ስንቅ የጫነው፣ መኪና የነዳው፣ ከመኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ የተሰበረ ባሌስትራ የቀየረው ወታደር ፎካሪ አላገኘም። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. በአገራችን የተካሄዱትን ሁለት ዘመቻዎች ከደጀኑ በኩል ላያቸው ግን፣ ብዙው ነገር የተቆረጠው መንገድ ላይ ነው።

በዓድዋ ጊዜ ደጀን ማለት በቅሎ፣ አህያና ስንቅ ተሸክማ የምትከተል ሴት ነበረች። ማይጨው የዘመተው ጦርም ከዚህ ብዙ አልራቀም። ጣሊያን በአንጻሩ በጎማ መጣ። ጄኔራል ግራዚያኒ በደቡብ በኩል ከአሜሪካ ሳይቀር መኪናና ትራክተር አስመጥቶ ስለነበር፣ በጥር 1928 የራስ ደስታን ጦር ገፍቶ ነገሌ ቦረና ለመግባት ሁለት ሳምንት እንኳ አልፈጀበትም። የመንግሥታቱ ማኅበር በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ዘሎ አለፈው። በእኔ ግምት ከመርዝ ጋዙ ቀጥሎ የጎዳን ይህ ነው።

የጣሊያን ጦር ዋና አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ከደሴ ሲነሳ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ነበር፤ ፊያትና ላንቺያ፣ ፎርድና ሸቭሮሌ ተደባልቆ። መካኒክ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይይዛል፤ የአንዱ ፍሪሲዮን ለሌላው አይገባም፣ መለዋወጫው በየዓይነቱ መጫን አለበት። ጣርማ በር ላይ ወገን መንገዱን ንዶት ቆየ። ዝናቡም ጭቃውም ተጨመረ። ወታደሩ ድንጋይ እየደለደለ፣ በገመድ እየጎተተና በትከሻው እየገፋ መኪናውን ለማሳለፍ ሁለት ቀን ያህል ለፋ። በእግራቸው የገሰገሱት የጄኔራል ጋሊና የኤርትራ አስካሪዎች ቀድመው አዲስ አበባ አፋፍ ደረሱ፤ ማርሻሉ በመኪና እስኪመጣ ግን ከከተማው ውጭ ጠብቁ ተባሉ። ባዶሊዮ የገባው ሚያዝያ 27 ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጥር 12 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ሲገቡ አብሯቸው የነበረው፣ በእንግሊዝ መኮንኖች የሚመራው የጌዴዎን ጦር ዋና መጓጓዣ ከሱዳን የመጣ 15,000 ያህል ግመል ነበር። የቆላ እንስሳ የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻለም፤ አብዛኛው መንገድ ላይ አለቀ።

ከኬንያ የተነሳው የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ግን የካሚዮን ጦር ነበር። የካቲት 18 ሞቃዲሾ ሲገባ ጣሊያን ሳያቃጥለው ጥሎት የሸሸውን ከ1.5 ሚሊዮን ሊትር በላይ ቤንዚን አገኘ። ያን ሞልቶ በኦጋዴን በኩል መጋቢት 8 ጅጅጋ ደረሰ። የሹፌሩን ውሎ ማሰብ ነው፦ ከፊት ያለው መኪና አቧራ አፍኖታል፣ ራዲያተሩ ይፈላል፣ ለሞተሩ የሚጨምረው ውኃ ለራሱ ከሚጠጣው ላይ ይቀነሳል። ሲመሽ ክሪክ ገብቶ ጎማ ይወልቃል፣ እሾህ የበሳው ካላማዳሪ በፋኖስ ብርሃን ይለጠፋል። ጨርሶ የተሰበረውን ማንም አይጎትተውም፤ ጎማው፣ ባትሪው፣ ካርቡራቶሩ ተፈቶ ለደህናው ይሆናል። በመሪው ላይ ከነበሩት ብዙዎቹ ከዘመቻው በፊት መኪና ነክተው የማያውቁ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ናቸው።

ጦሩ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ፤ በ53 ቀን 1,700 ማይል። እንግሊዞች ለተሽከርካሪና ለመሣሪያ ጥገና ራሱን የቻለ ኮር ያቋቋሙት ግን ከዚህ ዓመት ተኩል ቆይቶ፣ በመስከረም 1935 ነው። እስከዚያ መካኒኩ በየክፍሉ ተበታትኖ፣ የሌላውን መለዮ ለብሶ ነበር የሚሠራው።