አንድ በር፣ ሁለት ስም

ሐረር የገባን ዕለት የመጀመሪያ ሥራችን ባጃጅ አስቁመን "ሸዋ በር አድርሰን" ማለት ነበር። ከአዲስ አበባ ይዘነው የመጣነው ስም እሱ ነው። ልጁም ሳያንገራግር አደረሰን። ከሰዓት በኋላ ጀጎል ውስጥ ቤታቸውን ከፍተው ቡና ያፈሉልን እናት "በየት በኩል ገባችሁ?" ሲሉን "በሸዋ በር" አልናቸው። ፈገግ አሉና "አስማእዲን በሪ" አሉን። አልተቆጡም። የእንግዳ ልጅ ስም ሲሳሳት ቀስ ብለው እንደሚያርሙት ነው ያረሙን።

እኛ ግን ያቺ ቃል ከነከነችን። የቀረውን ቆይታችንን ስም ስንለቅም አሳለፍነው። እስቲ እናንተም አብራችሁን ልቀሙ። (ዓመቶቹን የጻፍናቸው በኛው አቆጣጠር ነው።)

ጀጎል ማለት ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሚሆነው የድንጋይ ግንብ፣ እንዲሁም በውስጡ ያለችው አሮጌዋ ከተማ ናት። ጥንታዊዎቹ በሮች አምስት ናቸው። አስፋልቱ የሚያልፍበት፣ ብዙዎቻችን በመኪና የምንገባበት ስድስተኛው በር ኋላ የመጣ ነው። አምስቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ስም አላቸው። እኛ ሸዋ በር የምንለው ለሐረሪው አስማእዲን በሪ ነው። ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ ነው። በድሮ በሪን ደግሞ ቡዳ በር ብለነዋል፤ "ቡዳ" በአማርኛ ለቀጥቃጩና ለሸክላ ሠሪው ስንለጥፈው የኖርነው ስድብ መሆኑን ለአፍታ እንኳ ሳናስብ።

"በሪ" በሐረሪ ቋንቋ በር ማለት ነው። ተርጓሚ አያስፈልገውም አይደል? ቋንቋው ከአማርኛ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ ይበልጥ የሚቀርበው ለስልጤና ለዛይ ነው። ባለቤቶቹ "ጌይ ሲናን" ይሉታል፣ የከተማው ቋንቋ። ከተማዋን "ጌይ"፣ ራሳቸውን "ጌይ ኡሱእ"፣ የከተማው ሰዎች ይላሉ። በአማርኛ ግን ለረጅም ዘመን "አደሬ" ስንላቸው ኖረናል። እነሱ ለራሳቸው ያወጡት ስም እንዳልሆነ የሰማነው እዚያው ሐረር ነው። ነገሩ ከበሮቹ አልፎ ወደ ሰዎቹ ደረሰ ማለት ነው።

ግንቡን ማን ሠራው?

ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ግራኝ የምንለው፣ በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ተገደለ። ምዕራፉ እዚያ ይዘጋል። ቀጥሎ ዐፄ ገላውዴዎስ አገሩን ሲያቀኑ እናገኛቸዋለን፤ ከዚያ በጦርነት ይሞታሉ። በማን እጅ? ለፈተና ስለማይመጣ አልያዝነውም።

ሐረር ውስጥ ግን ሕፃንም ያውቀዋል። የኢማሙ ሚስት ባቲ ድል ወንበራ፣ የኢማም ማሕፉዝ ልጅ፣ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ሐረር ተመለሰች። የኢማሙን የእህት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች። በ1551 ዓ.ም. ገላውዴዎስን በጦርነት የገደለው ይኸው ኑር ነው። እኛ አንድ ንጉሥ ያጣንበት ዓመት ለሐረር ድል የመጣበት ዓመት ሆነ።

የገረመን የሚቀጥለው ነው። ግንቡ የኑር ሥራ ነው፤ የሠራው ግን ለድሉ መታሰቢያ አልነበረም። የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ወደ ከተማዋ በተቃረበበት፣ አካባቢው በጦርነት በተዳከመበት ጊዜ ከተማዋን ለማትረፍ ነው። የኑር የመጨረሻ ዓመታት የረሃብና የወረርሽኝ ዓመታት ነበሩ። ዛሬ መቃብሩ ጀጎል ውስጥ ነው፤ ሐረሪዎች እንደ ወሊይ ይዘይሩታል። አንድ ሰው በአንዱ መጽሐፍ ግማሽ መስመር፣ በሌላው ከተማ ቅዱስ።

ከተማ የነበረች አገር

ከ1640ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐረር በራሷ አሚሮች የምትተዳደር፣ የራሷን ገንዘብ የምትመታ፣ በሮቿን ማታ ማታ የምትዘጋ አገር ነበረች። ቡና ትነግዳለች፣ መጽሐፍ ትገለብጣለች፣ ትጠርዛለች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ገብቶ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ወጣና መጽሐፍ ጻፈባት። በ1868 ግብፆች መጥተው ያዟት፤ አሚሯን ገደሉ፤ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1877 ወጡ። ሥልጣኑ ወደ አሚር አብዱላሂ ተመለሰ። ለሁለት ዓመት ብቻ።

ጥር 1879 ዓ.ም.፣ ጨለንቆ። ያኔ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ የአሚሩን ጦር አሸንፈው ሐረር ገቡ። አገር ገዥ ሆነው የተሾሙት መኮንን፣ በኋላ ራስ የሆኑት፣ የልጅ ተፈሪ አባት ናቸው። መሐል ከተማ ፈረስ መጋላ ላይ ቀድሞ መስጊድ በነበረበት ቦታ የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። የበሮቹ የአማርኛ ስሞች በከተማው አፍ የተስፋፉትም ከዚህ ወዲህ ነው።

እኛ ይህን በ"ሀገር ማቅናት" ርዕስ ሥር ተምረነዋል። ጨለንቆ ካርታ ላይ ያለች ነጥብ ነበረች። እስከዚያች ከሰዓት ድረስ።

ቀዩ መደብ

የሐረሪ ቤት፣ "ጌይ ጋር" ይሉታል፣ ከውጭ ሲያዩት ዝም ያለ ግንብ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሳሎኑ ደረጃ ደረጃ ባላቸው መደቦች የተሠራ ነው፤ "ነደባ" ይባላሉ። ሁሉም የየራሱ ባለቤት አለው፤ የቤቱ አባወራና የክብር እንግዳ የሚቀመጡበት ሌላ ነው፣ ወጣቶች የሚቀመጡበት ሌላ። ግድግዳው ላይ ስፌትና ሳህን እንደ ሥዕል ተሰቅሏል። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካያችሁ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ይባላል። (ከመካከላችን አንዱ ቀና ብሎ ሲያጣራ ተይዟል። ስሙን አንናገርም።)

ወለሉና የመደቦቹ ግንባር ቀይ ነው፤ በቀይ አፈር የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ። እኛም እንደ ከተሜ ልጅ "እንዴት ያምራል ቀለሙ! ምንድን ነው የምትቀቡት?" አልን። እናታችን ቡናውን እየቀዱ በተረጋጋ ድምፅ መለሱልን፤ "የጨለንቆ ደም ነው፤ እንዳንረሳ።"

ስኒያችንን ይዘን ዝም አልን። እግራችንን የት እንደምናደርገው ጠፋን።

ሐረሪዎች ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚናገሩት ይህንን ነው፤ ቀዩ ወለል ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው። ሐውልት ማቆም ለማይችል ተሸናፊ ሳሎኑ ሐውልት ሆነለት ማለት ነው። በየዓመቱ እየታደሰ፣ በየቀኑ እየተረገጠ፣ እንግዳ እየተቀበሉበት። እኛ ደግሞ አማረብን ብለን ፎቶ አነሳነው።

ማንም የማያወራው 1940

ሁለተኛው የተቀበረ ነገር ቅርብ ነው፤ አያቶቻችን የኖሩበት ዘመን። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ሐረሪዎች በራሳቸው ከተማ ድምፅ አጥተናል ብለው ተደራጁ። በ1940 ዓ.ም. አንዳንዶቹ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር ተባብረው አቤቱታቸውን ሞቃዲሾ ለመጣው የኃያላን መንግሥታት መርማሪ ቡድን አቀረቡ። "ኩሉብ" ይሉታል፤ "ክለብ" ከሚለው የመጣ ነው። የመንግሥት መልስ ፈጣን ነበር፤ የጅምላ እስር፣ የንብረት ውርስ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሌላም ከተማ ወጣ። በ1967 ዓ.ም. ደርግ መሬትና ትርፍ ቤት ሲወርስ፣ ከግንቡ ውጭ ባለው የአትክልት መሬቱ ይኖር የነበረው ሐረሪ እንደገና ተመታ። ዛሬ መርካቶም ቶሮንቶም ሜልቦርንም ሐረሪ አለ።

መርካቶ ስንገበያይ ከነዚህ ቤተሰቦች ልጆች ጋር ዋጋ ተከራክረናል። ለምን እዚያ እንደተገኙ ጠይቀን አናውቅም።

የሚሸጠውና የማይሸጠው

አስጎብኚዎች ሁለት ነገር አያስመልጧችሁም። አንዱ ጅብ ነው። ጅቦቹ ማታ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ፤ ቀዳዳው በጌይ ሲናን ስም አለው፣ "ወራባ ኑዱል"። ቆሻሻውን ጠርገው ጎሕ ሳይቀድ ይወጣሉ። ከግንቡ ውጭ ሥጋ የሚያበላቸው ሰው አለ፤ ቱሪስቱ ይሰለፋል።

ሌላው "ራምቦ ቤት" ነው። (ሲልቨስተር ስታሎን ትዝ ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም።) አርተር ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው፤ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1873 ዓ.ም. ሐረር መጣ፤ እየወጣ እየገባ ቡናና ጠመንጃ ነገደ፤ በ1884 መጀመሪያ አገሩ ገብቶ ሞተ። በስሙ የሚጠራውን ያማረ ቤት ግን ከሞቱ በኋላ አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው። ያልኖረበት ቤት በስሙ ይጠራል፤ የኖሩበት ሰዎች በር ግን በስማቸው አይጠራም።

ዕለታዊው ሕይወት ደግሞ ከሁለቱም ውጭ ይፈሳል። መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ ተደርድረው ሲንጀራቸውን ያሽከረክራሉ፤ መንገዱ ስሙን ያገኘው ከዚያ ድምፅ ነው። ሴቶች በአፎቻቸው ተሰባስበው ሠርግና ለቅሶ ይከፋፈላሉ፤ እንደኛ ዕድር ነው። በየበሩ አፍ የኦሮሞ ሴቶች ከገጠር ያመጡትን አትክልትና ማገዶ ይሸጣሉ። ግንቡ መጀመሪያ የተሠራው የእነሱን አያቶች ለመከልከል ነበር፤ ከተማዋ ግን ለዘመናት ስትበላ የኖረችው ከእነሱ ጋር ተገበያይታ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ ነዋሪ ከግማሽ በላዩ ኦሮሞ ነበር፤ ሐረሪው አሥር በመቶ አይሞላም። ጀጎል ተወልዶ ያደገ አማራም ጉራጌም ሶማሌም አለ። ለዚያ ልጅ "ሸዋ በር" የድል ስም አይደለም፤ ኳስ የተጫወተበት ሰፈር ነው።

ስለዚህ ያኛውን ስም ሰርዙት አንልም። አንዱን ስም ለመመለስ ሌላውን መፋቅ የድሮውን ጥፋት በግልባጩ መድገም ነው። የምንለው፣ ሁለቱንም እንወቅ። አንድ ስም ብቻ የሚያውቅ ሰው ግማሽ ከተማ ነው የጎበኘው።

ደግሞ የሚያስተምር አልጠፋም። ተፈሪ መኮንን ይኖሩበት ነበር በሚባለው ቤት ዛሬ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ከየቤቱ እየለቀሙ ያሰባሰቧቸው የእጅ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና ጌጣጌጦች ይታያሉ። አንድ ሰው፣ ያለ ማንም ትዕዛዝ። ዩኔስኮ ጀጎልን በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የወሊይ መካነ መቃብሮች ቆጥሯል። የሹዋሊድ በዓልም በ2016 ዓ.ም. ተከትሏል። የቀረው የኛ ጆሮ ነው።

በመጨረሻው ቀን እንደገና ባጃጅ አስቆምን። ደረታችንን ነፍተን "አስማእዲን በሪ!" አልን።

ሹፌሩ በመስታወቱ አየንና ሳቀ። "ሸዋ በርም በሉት አስማእዲን፣ ሒሳቡ ያው ነው። ግቡ።"

ገባን። ሒሳቡ ግን ያው አይመስለንም።